እየቆጠረ የሚራመድ ሞተር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው የሳይንስና የሙያ ዝግጅታችን ስለ አንድ የሞተር ዓይነት ነው። ሞተሩን ለማየት ሩቅ መሄድ የለባችሁም። በአንድ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ የሰከንድ ቆጣሪው በየሰከንዱ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚዘል የግድግዳ ሰዓት ካላችሁ፣ ውስጡ ያለው እሱ ነው። ስሙ ስቴፐር ሞተር ይባላል፤ በእርምጃ የሚዞር ሞተር ማለት ነው።

በሰዓት ውስጥ ያለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1936 የቀየሰው ማሪዩስ ላቬ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። በውስጡ በጣም ትንሽ ክብ ማግኔትና አንድ የሽቦ ጥቅል አለ። የሰዓቱ ኤሌክትሮኒክስ በየሰከንዱ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ማግኔቱ በእያንዳንዱ ምት ልክ ግማሽ ዙር ዞሮ ይቆማል። ያ ግማሽ ዙር በጥርሶች አማካይነት 30 ጊዜ ሲቀነስ የሰከንድ ቆጣሪው 6 ዲግሪ ይራመዳል። 6 ዲግሪ 60 ጊዜ ሲደጋገም 360 ዲግሪ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር፣ አንድ ደቂቃ። የጃፓኑ ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ለገበያ ያቀረበው አስትሮን የተባለው የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓትም የሚንቀሳቀሰው በስቴፐር ሞተር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰዓቱ የሰከንድ ቆጣሪው የት እንደደረሰ የሚያይበት ምንም መሣሪያ የለውም። የሚያውቀው ስንት ምት እንደላከ ብቻ ነው። 15 ምት ከላከ ቆጣሪው ሩብ ዙር ሄዷል ብሎ ያምናል፤ ሄዷልም። የስቴፐር ሞተር ጥበብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ቁጥርን ወደ ቦታ ይለውጣል። ድክመቱም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ሞተሩ በሆነ ምክንያት አንዲት እርምጃ ቢያመልጠው ቁጥሩና ቦታው ይለያያሉ፤ መለያየታቸውንም የሚያውቅ የለም። በዚህ ሞተር ማሽን የሚሠራ ሰው ሙያው ሁሉ የሚለካው ቁጥሩንና ቦታውን ሳይለያዩ በማቆየት ነው። የዛሬው ንግግራችንም በዚህ ዙሪያ ይሆናል።

በመጀመሪያ ከለመድነው ሞተር ጋር እናነጻጽረው። የልጆች መጫወቻ መኪና ውስጥ ያለውን ዲናሞ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሽቦ አለው፤ ከባትሪ ጋር ስታገናኙት ይሽከረከራል። ባትሪው ሲደክም ይዘገያል፤ ጭነት ሲበዛበትም ይዘገያል። ሁለት ዙር ከሩብ ዞረህ ቁም ብትሉት ግን ትእዛዙን የሚቀበልበት መንገድ የለውም። ይህን እንዲፈጽም ከተፈለገ ዘንጉ ላይ ዙሩን የሚያነብ መሣሪያ፣ ያንን ንባብ እየተከታተለ ኃይሉን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስም ሊጨመርለት ይገባል። ስቴፐር ሞተር ይህን ሁሉ ሳይፈልግ፣ ምት በላካችሁለት ቁጥር አንድ እርምጃ ይራመዳል። ምቱ ሲቆም ይቆማል፤ ኤሌክትሪኩ እስካልተቋረጠም የቆመበትን ቦታ አጥብቆ ይይዛል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት በሐሳብ ካቻቢቴ ይዘን አንድ ሞተር እንፍታ። በሐሳብ ያልኩት በምክንያት ነው። የዚህን ሞተር ሮተር፣ ማለትም የሚዞረውን ክፍል፣ ከቤቱ ማውጣት የማግኔቱን ኃይል ይቀንሰዋል፤ መልሳችሁ ብትገጥሙትም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ሞተር አትፍቱት። የምንፈታው በትርፍ ጊዜ ማሽን በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚገኘውን፣ ኔማ 17 የሚባለውን ነው። 17 የምትለው ቁጥር የፊቱን ስፋት ትነግረናለች፤ 1.7 ኢንች፣ ማለትም 42 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለ ጉልበቱ የምትነግረን ነገር የለም። ፊታቸው እኩል ሆኖ ርዝመታቸውና ጉልበታቸው የሚለያይ ብዙ ኔማ 17 ሞተሮች አሉ።

ሮተሩን ስናየው መሐሉ ላይ ቋሚ ማግኔት አለ። በማግኔቱ ሁለት ጫፎች ላይ ደግሞ ዙሪያቸውን ጥርስ የተቆረጠላቸው ሁለት የብረት ክቦች ተገጥመዋል። አንደኛው ክብ ዙሪያውን ሰሜን ዋልታ፣ ሌላኛው ዙሪያውን ደቡብ ዋልታ ይሆናል። እያንዳንዳቸው 50 ጥርስ አላቸው። ሆኖም የሁለቱ ጥርሶች በአንድ መስመር ላይ አይውሉም። አንዱ ከሌላው በግማሽ ጥርስ ስለተዛነፈ፣ የአንዱ ጥርስ ባለበት የሌላው ክፍተት ይሆናል።

ሮተሩን የከበበው የማይንቀሳቀሰው ክፍል ስታተር ይባላል። ስታተሩ ወደ መሐል የወጡ 8 የብረት ክንዶች አሉት፤ በየክንዱ ጫፍም ትናንሽ ጥርሶች ተቆርጠዋል። በየክንዱ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። እነዚህ ስምንት ጥቅሎች በሁለት ቡድን ተያይዘዋል። አንደኛውን ቡድን ሀ፣ ሁለተኛውን ለ እንበላቸው። ክንዶቹን በተርታ ስንቆጥር አንዱ የሀ፣ ቀጣዩ የለ፣ እንደገና አንዱ የሀ፣ ቀጣዩ የለ እያለ ይሄዳል። ከሞተሩ የሚወጡት አራት ሽቦዎች የእነዚህ ሁለት ቡድኖች ጫፎች ናቸው፤ ሁለቱ የሀ፣ ሁለቱ የለ።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ሮተሩ 50 ጥርስ ካለው ከጥርስ ወደ ጥርስ ያለው ርቀት 360 ሲካፈል ለ50፣ ማለትም 7.2 ዲግሪ ነው። ስታተሩ 8 ክንድ ካለው ከክንድ ወደ ክንድ ያለው ርቀት 360 ሲካፈል ለ8፣ ማለትም 45 ዲግሪ ነው። በዚህ በ45 ዲግሪ ውስጥ ስንት የሮተር ጥርስ ይገባል? 45 ሲካፈል ለ7.2 ስድስት ከሩብ ነው። ይህች ትርፍ ሩብ ናት ሞተሩን የምታራምደው።

ለምን ቢባል፣ የሀ ክንዶች ጥርሶች ከሮተሩ ጥርሶች ጋር ፊት ለፊት ሲገጥሙ፣ የለ ክንዶች ጥርሶች በሩብ ጥርስ ተዛንፈው ይቀራሉ። በሀ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ክንዶቹ ማግኔት ይሆኑና የሮተሩን ጥርሶች ወደ ራሳቸው ስበው ይይዛሉ። ሀ ጠፍቶ ለ ሲበራ ደግሞ የለ ክንዶች ሮተሩን ሩብ ጥርስ ይስቡታል። ሩብ ጥርስ ማለት 7.2 ሲካፈል ለ4፣ 1.8 ዲግሪ ነው። ቀጥሎ ሀ እንደገና ይበራል፤ አሁን ግን ኤሌክትሪኩ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያልፍ ሰሜን የነበረው ክንድ ደቡብ ይሆናል። ሮተሩ ሌላ ሩብ ጥርስ ይሄዳል። ከዚያ ለ በተቃራኒ አቅጣጫ ይበራል፤ አሁንም ሩብ ጥርስ። አራተኛው እርምጃ ላይ ሀ እንደ መጀመሪያው ሲበራ አንድ ሙሉ ጥርስ ታልፏል። 50 ጥርስ በ4 ሲባዛ 200 ነው። ስለዚህ ይህ ሞተር አንድ ዙር ለመጨረስ 200 እርምጃ ይራመዳል። የማብራቱን ቅደም ተከተል ከኋላ ወደ ፊት ብንገለብጠው ሞተሩም ወደ ኋላ ይዞራል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ስሕተት የማይጠራቀምበት መሆኑ ነው። በአንድ እርምጃ ላይ ያለው መዛባት በተለመዱት ሞተሮች ከእርምጃው 5 በመቶ ገደማ ነው። የእርምጃው ቦታ የሚወሰነው ግን ብረት ላይ በተቆረጡ ጥርሶች ስለሆነ፣ ሞተሩ አንድ ዙር ተራመደ ሺህ ዙር ያው 5 በመቶ ነው፤ አይደመርም።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አድማጮቻችን፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚራመድ ካየን ማን እንደሚያዝዘው እንይ። ጥቅሎቹን በተራ የማብራትና የማጥፋት ሥራ የድራይቨሩ ነው። ድራይቨር 2 ሴንቲሜትር በ1.5 ሴንቲሜትር የሆነች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ልትሆን ትችላለች። በስፋት ከሚታወቁት መካከል የአሜሪካው አሌግሮ የሚሠራው ኤ-4988 እና የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዲአርቪ-8825 ይገኙበታል፤ ድምፅ በመቀነስ የሚመሰገነው ደግሞ ቲኤምሲ-2209 ነው። ድራይቨሩ ትእዛዝ የሚቀበልባቸው ሁለት ዋና ሽቦዎች አሉት። አንደኛው የእርምጃ ሽቦ ነው፤ በእሱ ላይ አንድ ምት ሲመጣ ሞተሩን አንድ እርምጃ ያራምደዋል። ሁለተኛው የአቅጣጫ ሽቦ ነው፤ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ የሚለውን ይወስናል። ምቱን የሚልከው እንደ አርዱዊኖ ያለ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ስለ ማግኔትና ስለ ጥርስ ማወቅ አያስፈልገውም፤ መቁጠር ከቻለ ይበቃዋል።

ድራይቨሩ ሌላም ችሎታ አለው። ሀ ሙሉ በሙሉ ከሚጠፋና ለ ሙሉ በሙሉ ከሚበራ ይልቅ፣ የሀን ኃይል ቀስ በቀስ እየቀነሰ የለን ቀስ በቀስ ሊጨምር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሮተሩ በሁለቱ መካከል ያሉ ቦታዎች ላይ ይቆማል። ማይክሮስቴፕ የሚባለው ይህ ነው። ኤ-4988 አንድን እርምጃ እስከ 16 ይከፍላል፤ ዲአርቪ-8825 እስከ 32። በ16 ስንከፍል 200 እርምጃ የነበረው ዙር 3,200 ይሆናል። እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፤ ጩኸቱና ንዝረቱ ይቀንሳል። ነገር ግን አትታለሉ። ከእያንዳንዷ አንድ አሥራ ስድስተኛ እርምጃ ጀርባ ያለው ኃይል ሞተሩ ቆሞ ከሚይዝበት ጉልበት አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ ትንሽ ሰበቃ ካለ ሞተሩ ሁለት ሦስት ማይክሮስቴፕ ታዝዞም ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል። እርምጃን መከፋፈል ልስላሴን ይሰጣል፤ ትክክለኛነትን ግን በዚያው ልክ አይሰጥም።

ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ጥያቄ አለ። ሞተሩ ላይ ወይም መግለጫው ላይ 2.8 ቮልት፣ 1.68 አምፔር የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ማሽኑ ላይ ግን ያው ሞተር በ12 ወይም በ24 ቮልት ይሠራል። አይቃጠልም ወይ? አይቃጠልም። 2.8 ቮልት የሚለው፣ በቆመ ሞተር ጥቅል ውስጥ 1.68 አምፔር እንዲያልፍ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ነው። ዘመናዊ ድራይቨር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ፣ ከተወሰነለት አምፔር በላይ እንዳያልፍ ያደርጋል። ታዲያ ከፍተኛው ቮልቴጅ ለምን ያስፈልጋል? የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክን በአንድ ጊዜ አያስገባም፤ ይቃወማል። ሞተሩ በፍጥነት ሲራመድ ኤሌክትሪኩ ጥቅሉን ሳይሞላ የሚቀጥለው እርምጃ ይደርሳል፤ ጉልበቱም ይወድቃል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅሉን ቶሎ ስለሚሞላ በፍጥነት ጊዜ ጉልበት እንዲተርፍ ይረዳል። የአምፔሩን ልክ የሚወስነው በድራይቨሩ ላይ ያለች ትንሽ የምትዞር ብሎን ናት። እሷን በትክክል ማስተካከል የእናንተ ሥራ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ይህ ሁሉ ተደምሮ ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦውየር የተባሉ መምህር ሬፕራፕ የተሰኘ ፕሮጀክት ጀመሩ። ሐሳባቸው የራሱን ክፍሎች ሊያትም የሚችል የሦስት አውታር ማተሚያ ሠርቶ ንድፉን ለሁሉም በነፃ መስጠት ነበር። ዳርዊን የሚል ስም የተሰጠው የመጀመሪያው ማሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የሌላ መሰሉን የፕላስቲክ ክፍሎች አትሞ ወለደ። ፕላስቲክ እያቀለጠ በንብርብር የሚያትመው ዘዴ ዋና የፈጠራ መብት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ጊዜው አለፈ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ማተሚያ ከፋብሪካ ወጥቶ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዛሬ በቤት የሚቀመጥ አንድ ማተሚያ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ስቴፐር ሞተር አለው። አንዱ ወደ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ወደ ፊትና ኋላ፣ አንዱ ወይም ሁለቱ ወደ ላይና ታች ያንቀሳቅሳሉ፤ የቀረው የፕላስቲኩን ክር ይገፋል።

በዚህ ማሽን ላይ ቁጥር እንዴት ቦታ እንደሚሆን እናስላ። በሞተሩ ዘንግ ላይ 20 ጥርስ ያላት ትንሽ ፑሌጃ አለች። በእሷ ላይ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ይዞራል፤ ከጥርስ ወደ ጥርስ ያለው ርቀት 2 ሚሊሜትር ነው። 20 በ2 ሲባዛ 40 ነው፤ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር ቺንጋው 40 ሚሊሜትር ይጎተታል። በ16 ከፍለነው ከሆነ አንድ ዙር 3,200 ምት ነው። 3,200 ሲካፈል ለ40፣ 80 ይሆናል። እንግዲህ ኮምፒውተሩ የማተሚያውን አፍ አንድ ሚሊሜትር ለማንቀሳቀስ 80 ምት ይልካል። በሰከንድ 60 ሚሊሜትር እንዲሄድ ከፈለግን 4,800 ምት በሰከንድ ማለት ነው፤ ሞተሩ በሰከንድ አንድ ዙር ተኩል ይዞራል። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው እንቅስቃሴ ግን ብዙውን ጊዜ በቺንጋ ሳይሆን በጥምዝ ዘንግ ነው። ዘንጉ አንድ ጊዜ ሲዞር ዳዶውን 8 ሚሊሜትር ከፍ የሚያደርግ ከሆነ፣ 3,200 ሲካፈል ለ8፣ በሚሊሜትር 400 ምት ይሆናል።

እስካሁን ሁሉም ነገር ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ምቱ ተልኮ ሞተሩ ሳይራመድ ሲቀር ነው። ስቴፐር ሞተር ያለው ማሽን ዓይኑን ታስሮ ደረጃ እየቆጠረ እንደሚወጣ ሰው ነው። አንድ ደረጃ ካመለጠው ቁጥሩ አሥር ቢልም እግሩ ዘጠነኛው ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ቁጥር ሁሉ ስሕተት ይሆናል። በማተሚያ ላይ ይህ የሚታየው የታተመው ዕቃ ከወገቡ በላይ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሲገኝ ነው።

መንሸራተቱ በዘፈቀደ አይደለም። ቀደም ብለን እንዳየነው አራት እርምጃ አንድ ጥርስ ነው፤ የጥቅሎቹ ቅደም ተከተልም በየአራት እርምጃው ይደገማል። ሮተሩ ከያዘው ጥርስ ሲላቀቅ የሚይዘው ቀጣዩን ተመሳሳይ ቦታ ስለሆነ፣ የሚያመልጠው በአራት እርምጃ፣ ወይም በአራት ብዜት ነው። በ40 ሚሊሜትሩ ፑሌጃ ላይ አንድ ጥርስ ማለት 40 ሲካፈል ለ50፣ 0.8 ሚሊሜትር ነው። የተበላሸው ዕቃችሁ የተንሸራተተበት ርቀት 0.8፣ 1.6 ወይም 2.4 ሚሊሜትር ከሆነ ሞተሩ እርምጃ እንደዘለለ መጠርጠር ትችላላችሁ። መዛነፉ 2 ወይም 4 ሚሊሜትር ከሆነ ግን በቅድሚያ ቺንጋውን ፈትሹ፤ ከላላ ጥርሱ ፑሌጃው ላይ እየዘለለ ሊሆን ይችላል፤ የቺንጋው ጥርስ 2 ሚሊሜትር ነውና። በተራ ማስመሪያ የሚሠራ ምርመራ ነው።

እርምጃ የሚዘለልባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው ችኮላ ነው። ከቆመበት ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ፍጥነት ላይ እንዲደርስ የታዘዘ ሞተር፣ የተሸከመውን ክብደት ማስነሣት ስለማይችል እየጮኸ ባለበት ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው የማሽን ፕሮግራሞች ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳድጉትና ከመቆሙ በፊት ደረጃ በደረጃ የሚያበርዱት። ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ነው፤ ከላይ እንዳልነው ፍጥነት ሲጨምር ጉልበት ይቀንሳል። ሦስተኛው ንዝረት ነው። ሮተሩ እያንዳንዱን እርምጃ ሲጨርስ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ምቱ ከዚህ ውዝዋዜ ጋር ሲገጥም ንዝረቱ እየበረታ ሞተሩን ከመስመር ያስወጣዋል። ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ፣ አለዚያም ማይክሮስቴፕ መጠቀም ይረዳል። አራተኛው ሰበቃ ነው፤ የደረቀ ኩሽኔታ፣ የተጣመመ ዘንግ፣ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ። አምስተኛው የአምፔር ማነስ ነው፤ ወይም ድራይቨሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ራሱን ለአፍታ ማጥፋቱ።

አምፔር ሲያንስ እርምጃ ይዘለላል ብለን ዝም ብለን ከፍ ማድረግም አያዋጣም። ስቴፐር ሞተር ቆሞም ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ቦታውን የሚይዘው በዚያ ነውና። ስለዚህ ይሞቃል። እጅ ለረጅም ጊዜ የማይችለው ሙቀት ለሞተሩ ለራሱ ጤናማ ሊሆን ይችላል፤ የተገጠመበትን የፕላስቲክ መያዣ ግን ሊያለሰልሰው ይችላል። አምፔሩን ካስተካከሉ በኋላ ሙቀቱንም መመልከት ያስፈልጋል።

ማሽኑ ሲበራም ሞተሩ የት እንዳለ አያውቅም፤ ቁጥሩ ከኤሌክትሪኩ ጋር ጠፍቷል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ቀስ ብሎ ወደ ጠርዝ ይወስድና እዚያ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ እስኪነካ ይሄዳል። ከነካ በኋላ ይህ ዜሮ ነው ብሎ ከዚያ ይቆጥራል። ማተሚያ ስታበሩ መጀመሪያ ወደ ጥግ የሚሄደው ለዚህ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

የዚህ ሞተር ጥቅም በማተሚያ አያበቃም። እንጨትና አልሙኒየም የሚቀርጹ የጠረጴዛ ማሽኖች፣ በብዕር ሥዕል የሚሥሉ ማሽኖች፣ በሌዘር ጽሑፍ የሚያቃጥሉ ማሽኖች ሁሉ በእሱ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኖርዌያዊው ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የጀመረው ግርብል የተባለ ነፃ ፕሮግራም፣ በአንዲት አርዱዊኖ ብቻ ሦስት ሞተሮችን በአንድነት ያዝዛል፤ በሰከንድ እስከ 30,000 ምት ድረስ ይልካል። ሰማይን ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ደግሞ የምድርን መዞር ተከትሎ ካሜራቸውን ቀስ አድርጎ የሚያዞር ቀላል መሣሪያ ይሠራሉ። ሁለት ጣውላ በማጠፊያ ይያያዝና ከማጠፊያው 228 ሚሊሜትር ርቀት ላይ፣ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር የሚሄድ ብሎን ይገባል። ስቴፐር ሞተሩ ብሎኑን በደቂቃ አንድ ዙር ካዞረው ጣውላው ከምድር ጋር እኩል ይዞራል፤ ለጥቂት ደቂቃዎችም ከዋክብቱ በፎቶው ላይ ሳይጎተቱ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ።

ለአህጉራችን የቀረበ ምሳሌም አለ። ኦፕንፍሌክስር የተባለው ማይክሮስኮፕ አካሉ በሦስት አውታር ማተሚያ የሚታተም፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከታንዛኒያው ኢፋካራ የጤና ተቋም ጋር ለወባ ምርመራ እንዲያገለግል ሠርተውበታል። ናሙናውን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያንቀሳቅሱትና ምስሉን የሚያጠሩት ሦስት ርካሽ ስቴፐር ሞተሮች ናቸው፤ 28ቢዋይጄ-48 የሚባሉት። ይህ ሞተር በ5 ቮልት ይሠራል፤ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ዙሩን 64 ጊዜ ያህል ስለሚቀንሱት አንድ ዙር ለመጨረስ 2,048 እርምጃ ገደማ ይወስዳል። ዝግ ያለ ነው፤ ለመማር ግን ከእሱ የተሻለ መጀመሪያ አይገኝም። ብዙውን ጊዜ የሚሸጠውም ዩኤልኤን-2003 ከሚባል ድራይቨሩ ጋር ነው።

አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው አሮጌ ዕቃ አለ። የተጣለ ስካነር፣ የነጥብ ማተሚያ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ስቴፐር ሞተር ይገኛል። በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራን በመሳሰሉ፣ አሮጌ ዕቃ በሚፈታባቸው ቦታዎች መፈለግ ይቻላል። ሽቦውን ቁጠሩ። ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ተራ ዲናሞ ነው፤ በብዙ ቀለም ማተሚያዎች ውስጥ የሚገኘው ይህ ነው፤ ቦታውን የሚያነብለት በአጠገቡ የተዘረጋ ቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ ነው። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሽቦ ካለው ስቴፐር መሆኑ አይቀርም። ዘንጉን በእጃችሁ ስታዞሩት ረገጥ ረገጥ እያለ የሚዞር ከሆነ ማግኔቱ ጤናማ ነው።

የአራት ሽቦ ሞተር ሀ እና ለ የትኞቹ እንደሆኑ ያለ ምንም መሣሪያ መለየት ይቻላል። ማንኛውንም ሁለት ሽቦ ጫፍ ለጫፍ አገናኙና ዘንጉን አዙሩት። ጥንዶች ካልሆኑ እንደ በፊቱ በቀላሉ ይዞራል። ጥንዶች ከሆኑ ግን በግልጽ ይከብዳል። ዘንጉን ስታዞሩት ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የተገናኙት ሽቦዎች መንገድ ሲሰጡት ያ ኤሌክትሪክ ዘንጉን መልሶ ይይዘዋል። ቴስተር ያለው ሰው በጥንዶቹ መካከል ጥቂት ኦም ያነባል፤ ጥንድ ባልሆኑት መካከል ግን ምንም ግንኙነት አያገኝም።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ልስጥ። አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ባለበት የሞተሩን ሽቦ ከድራይቨሩ አትንቀሉ፣ አትሰኩም፤ ድራይቨሩ ወዲያውኑ ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛ፣ ከአሮጌ ማሽን ሞተር ስታወጡ የኃይል ሳጥኑን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛ፣ እናንተ የምትሠሩት በ5፣ በ12 ወይም በ24 ቮልት በኩል ይሁን፤ 220 ቮልቱን ለሙያተኛ ተዉት።

ለተማሪዎች የቤት ሥራ ሰጥቼ ልሰናበት። ባለ 200 እርምጃ ሞተር፣ ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ በ8 ይከፍለዋል። ሞተሩ የሚያዞረው ጥምዝ ዘንግ በአንድ ዙር 2 ሚሊሜትር ያራምዳል። አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ ስንት ምት ያስፈልጋል? ሞተሩ አንድ ጥርስ ቢዘልል ማሽኑ በስንት ሚሊሜትር ይሳሳታል? ሁለተኛውን መልስ ቺንጋው ላይ ካገኘነው 0.8 ሚሊሜትር ጋር አነጻጽሩት፤ ለትክክለኛነት ጥምዝ ዘንግ፣ ለፍጥነት ቺንጋ የሚመረጥበትን ምክንያት ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። መልሱን በሚቀጥለው ዝግጅታችን አብረን እንሠራዋለን። ሞተር ያላችሁ ደግሞ መልሱን በወረቀት ብቻ አትተዉት፤ አዙራችሁ በማስመሪያ ለኩት።

(የመውጫ ሙዚቃ)